ሶብር ማለት ዝም ማለት አይደለም፦ ስለ አራስ እህቶቻችን ልብ





አሶሳ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ቤቱ ሰው ይሞላል። አንዷ የማሽላ ገንፎ አገንፍታ ትመጣለች፤ ሌላዋ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትገባለች። በሕፃኑ ጆሮ አዛን ይባላል። ሰባተኛው ቀን ላይ አቅም ያለው ዐቂቃ ያርዳል፣ ስም ይወጣል። «ማንን ነው የመሰለው?»፣ «ስንት ኪሎ ተወለደ?»፣ «ይጠባል?» ይባላል። ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል። ጥግ ላይ ያለችውን እናት ግን «አንቺስ? ልብሽ እንዴት ነው?» የሚላት ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚጠይቅ ቢገኝም መልሷ የታወቀ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ወሬው ወደ ሕፃኑ ይመለሳል።

አልሐምዱሊላህ በደስታም በችግርም የሚባል ቃል ነው። ችግሩ ቃሉ አይደለም። ችግሩ ከቃሉ በኋላ ሌላ ነገር መናገር ነውር መስሎ መታየቱ ነው። ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነው ከዚያ ቃል በኋላ ሳይነገር ስለሚቀረው ነገር ነው።

ይህን የምንጽፈው አሶሳ የምንኖር አራት እናቶች ነን። ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ከአራታችን በአንዳችን ቤት ቡና አፍልተን እንቀመጣለን። ስማችንን አንጽፍም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ግን ማን እንደሆንን ትንሽ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያችን የበርታ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ስትወልድ እናቷም፣ አክስቶቿም፣ ሐቦባዋም ከጎኗ ነበሩ። ከቤቱ የጎደለ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጇን ስታቅፍ ምንም አይሰማት ጀመር። የጎረቤት ልጅ የያዘች ያህል ነበር።

ሁለተኛዋ የወሎ ልጅ ናት፤ መምህርት ሆና ነው አሶሳ የመጣችው። አራስ ልትጠብቃት እናቷ ቅቤውንና አብሹን ሸክፋ ተዘጋጅታ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ ደግሞ በዚያ ወቅት በጸጥታ ችግር አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ነበር። የአውሮፕላኑ ትኬት አልተቻለም። አርባ ቀኗን የጨረሰችው የእናቷን ድምፅ በስልክ እየሰማች ነው።

የሦስተኛዋ ባል ወርቅ ፍለጋ ወደ ኩርሙክ በኩል ወርዶ ነበር። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ወጥቶ ሲደውል በሳምንት አንዴ ነው። ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች፤ ቀን ደግሞ ፊቷን ታጥባ እንግዳ ትቀበላለች።

አራተኛዋ ከመተከል የተፈናቀለች ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው ከቤቷ የወጣችው። ከወለደች በኋላ እንኳ በር በተንኳኳ ቁጥር ሕፃኑን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጥ ነበር።

አራታችንም የሰማነው ምክር አንድ ነው፦ «ሶብር አድርጊ»።

ሶብርን አንቃወምም፤ የዲናችን ግማሽ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ነገር ግን ብዙ ሰው «ሶብር አድርጊ» ሲል «ዝም በይ» ማለቱ እንደሆነ ቀስ በቀስ ገባን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል። ግን ሶብራቸው ያማረ ሶብር ነው። ሐዘናቸውን ለአላህ አቤት ብለዋል፤ ልጆቻቸውም አውቀውታል። ሶብር ማለት እያመመ እንዳላመመ መምሰል ቢሆን ኖሮ የእርሳቸው ልቅሶ በቁርኣን ባልተነገረን ነበር።

◆ ለመርየም የተሰጣት መልስ

አሥራ ዘጠነኛዋን ሱራ ስንቶቻችን ነን ከልጅነታችን ጀምሮ የቀራናት? ነፍሰ ጡር ሳለን ደግሞ «ሱረቱ መርየምን ቅሪ፣ ምጥ ያቀልላል» ያላሉን ጥቂት ናቸው። ቀርተናታል። ነገር ግን ታሪኩን በአራስ ልብ ስናነበው ሌላ ነገር አየንበት።

መርየም (ዐ.ሰ) ብቻዋን ነበረች። ምጥ ወደ ተምር ግንድ አስጠጋት። በዚያች ሰዓት ከዚህ በፊት ሞታ ተረስታ ብትቀር እንደምትመርጥ ተናገረች። ይህችን ሴት ቁርኣን ሌላ ቦታ ላይ ሲዲቃ፣ እውነተኛ ብሎ ጠርቷታል። ስለዚህ ኢማኗ ጎድሎ ነው ሊባል አይችልም።

አሁን መልሱን እንመልከት። «ይህን እንዴት ትያለሽ?» አልተባለችም። አልተገሠጸችም። መጀመሪያ እንዳታዝን ተጽናናች። ከዚያ ከበታቿ የሚፈስ ውሃ እንዳለ ተነገራት። ከዚያ የበሰለ ተምር እንዲወርድላት ግንዱን እንድትወዘውዝ፣ እንድትበላ፣ እንድትጠጣ፣ ዓይኗ እንዲረጋ ተነገራት። በመጨረሻም ሰው ካጋጠማት የዝምታ ስለት እንዳለባት እንድታመለክት፣ ለማንም ማብራሪያ እንዳትሰጥ ተደረገላት። ወደ ሕዝቧ ስትመለስ መልስ የሰጠላት ሌላ ነው፤ በእቅፏ ያለው ሕፃን።

አንዲት የምትጨነቅ እናት የሚያስፈልጓት ነገሮች ከዚህ ብዙም አይርቁም፦ የሚያጽናና ቃል፣ ውሃና ምግብ፣ እረፍት፣ እና ለሰው ሁሉ ራሷን ከማስረዳት ነጻ መሆን። የእሷ ዝምታ ከእረፍት ጋር የተሰጠ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ዝምታውን ብቻ ወስደን ውሃውን፣ ተምሩንና ማጽናናቱን እንተወዋለን።

የሙሳ (ዐ.ሰ) እናትንም እናስታውስ። ሕፃኗን ወንዝ ላይ የጣለች ጊዜ ልቧ ባዶ ሆነ ተብሎ ተነግሮናል፤ አላህም ልቧን አጸናላት። ስለ ልጁ ደኅንነት የሚመጣ ጭንቀት አዲስ ነገር አይደለም፣ የደካማ ሴት ምልክትም አይደለም።

◆ የሐበሻ ምድርና የወለዱ ስደተኞች

በዚህ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የራሳችን ታሪክ አለን።

የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚና ባላቸው ዐብዱላህ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበሩ። ሐዘንና እርግዝና አብረው ነው የመጡባቸው። በቤታቸው የነበረችው ሴት በረካ ትባላለች፤ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው፣ ሐበሻ ናት። አሚና አብዋእ በተባለው ቦታ ሲሞቱ የስድስት ዓመቱን ልጅ ይዛ መካ የመለሰችው እሷ ናት። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እስከ መጨረሻው እንደ እናት ነው የሚያዩዋት። እናት ስትደክም የምትተካ፣ ልጅ ሲከፋው የምታቅፍ ሴት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሐቦችም ሽማግሌዎችና ወጣት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባላቸው ከጃዕፈር ጋር መጥተው ልጃቸውን ዐብዱላህን የወለዱት እዚህ፣ በሐበሻ ምድር ነው። ከአገሯ የወጣች፣ ከእናቷ የራቀች፣ ቋንቋውን በማታውቅበት አገር የምታምጥ ሴት በዲናችን ታሪክ መጀመሪያ ላይ አለች።

ይህ ታሪክ ለአሶሳ ሰው ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በኩርሙክ በኩል የገቡ እናቶችን አይተናል። ከዚያ በፊትም በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ መጠለያ ጣቢያዎች የብሉ ናይል እናቶች ወልደው ልጅ አሳድገዋል። በክልላችን ውስጥ ከመተከልና ከካማሺ የተፈናቀሉትም ብዙ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት አያቶቻችንም እንዲሁ በማያውቁት ምድር፣ ያለ እናት፣ ያለ አክስት ነው የመጀመሪያ ልጃቸውን ያቀፉት። እዚህ ክልል ውስጥ ርቆ መውለድ የብዙ ሰው ታሪክ ነው።

በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድም ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤት ወጥታ ጫካ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ይህን ልማድ ለመቀየር የጤና ሠራተኞችና የጉሙዝ ሴቶች ራሳቸው ብዙ ደክመዋል። እኛ የከተማዎቹ ይህን ስንሰማ እንገረማለን። ነገር ግን ሆስፒታል ወልዳ፣ ሰው በሞላበት ቤት ተኝታ፣ በልቧ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ያለች ስንት እህት አለች?

◆ ስሙ ምንድን ነው?

ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ማልቀስ፣ ቶሎ መከፋት፣ ቶሎ መቆጣት በጣም የተለመደ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ከፍ ብለው የነበሩት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ይወርዳሉ፤ እንቅልፍም የለም። ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። እረፍትና ደግ ቃል ይበቃዋል።

ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እየባሰም ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች የድህረ ወሊድ ድብርት ይሉታል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አብዛኛውን ቀን የሚከብድ ሐዘን፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ደስ አለማለት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ምግብ መጥላት፣ «እኔ መጥፎ እናት ነኝ» የሚል የማይለቅ ሐሳብ፣ ከልጁ ጋር አለመጣበቅ፣ ያለ ምክንያት መፍራት። በእርግዝና ላይ ሳሉም ሊጀምር ይችላል። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መዛባትም ተመሳሳይ ድካምና ሐዘን ስለሚያመጡ ምርመራ ማድረግ ይጠቅማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከመቶ ነፍሰ ጡሮች ወደ 16ቱ፣ ከመቶ ወላዶች ደግሞ ወደ 20ዎቹ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ከሁሉ የሚበዛው ድብርት ነው። እንግዲህ በአንድ ዐቂቃ ላይ አምስት ወላድ እናቶች ተቀምጠው ካያችሁ፣ አንዷ ይህን ተሸክማ ሊሆን ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ካለ ቡታጅራን ይመልከት። በዚያ የገጠር አካባቢ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር 1,065 ነፍሰ ጡር ሴቶችን ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበትም ሰዓት የመዘግየት ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የልብ ጉዳይ ልብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ምጡንም ጡቱንም ይነካል።

ወንድሞችም አትዝለሉት። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከአሥር አዳዲስ አባቶች አንዱ ገደማ የድብርት ምልክት እንዳለበት አሳይተዋል። ወንድ ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ይቆጣል፣ ከቤት ይርቃል፣ ጫት ላይ ይቆያል። «ከወለደች ወዲህ ተቀየረ» የሚባለው ወንድም እሱም እየሰመጠ ሊሆን ይችላል።

◆ «ጂን ነው፣ ዐይን ነው»

ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ከእኛ አንዷ ሐዘኑ ሲጠናባት መጀመሪያ የተነገራት ዐይን በልቷታል የሚል ነው። ሩቅያ ተደረገላት። በቁርኣን ሩቅያ ማድረግ ከዲናችን ነው፤ ዐይንም ሐቅ ነው። ቁርኣን ሲቀራላት ልቧ ረጋ ማለቱን እራሷ ትመሰክራለች። ግን እንቅልፏ አልተመለሰም፣ ምግብም አልገባላትም።

መፍትሔው ሩቅያን መተው አይደለም፤ መፍትሔው ከሩቅያው ጎን ሕክምናውን ማስኬድ ነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለውም ነግረውናል። የተሰበረ እግር ላይ ቁርኣን ቀርተን ጄሶ እናስደርጋለን። ለልብ ሲሆን ለምን አንዱን ብቻ እንመርጣለን? አራስን የሚመታ፣ የሚያስር፣ ምግብ የሚከለክል፣ መድኃኒቷን እንድታቆም የሚያዝ «ራቂ» ካጋጠማችሁ ግን ከዚያ ቤት ውጡ። ይህ ከሱና አይደለም።

ሾተላይን እናስታውስ። እናቶቻችን ልጅ በልጅ ላይ ሲሞትባቸው «ሾተላይ አለባት» ይባሉ ነበር፤ በቤተሰብም ይገለሉ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ያንን ስም ይዘው የሚያስረዱን የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመስማማትን ነው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ቀጣዩን ልጅ መጠበቅ ይቻላል። ስንት እናት ናት መርፌ በሚከላከለው ነገር ዕድሜ ልኳን እንደ እርጉም የታየችው? የልብ ሕመምንም በዚሁ መንገድ ዳግም እንዳንበድልበት እንፈራለን።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስም አይደለም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት (ከ850 እስከ 934 እ.ኤ.አ.) የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም አስረድተዋል። ሐዘንን ለሁለት ከፍለው ምክንያቱ የታወቀና ምክንያቱ የማይታወቅ ብለውታል። «ምን አጣሽና ታዝኛለሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእሳቸው ዘመን ተጽፎ ነበር።

◆ የሚረዳው ምንድን ነው?

ቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን በፊልም ላይ ያየነው ሶፋና ውድ ክፍያ ነው የሚታየን። ወይም ደግሞ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም እንደ ስድብ ሲነገር የሰማነው። እውነታው ከዚህ ቀለል ይላል።

በፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ አካባቢ ገጠር ውስጥ ፕሮፌሰር ዓጢፍ ረሕማን የመሩት ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 903 በድብርት የተያዙ እናቶች ተሳትፈዋል። ያገለገሉት ሐኪሞች ሳይሆኑ እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ የመንደር ሴቶች ናቸው። ሥልጠና ወስደው፣ ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ስለ ሕፃኑ እንክብካቤ እያወሩ እናቲቱ የሚያስጨንቃትን ሐሳብ እንድትለይና በሌላ እንድትተካ ይረዷት ነበር። ቤተሰቡንም ያሳትፉ ነበር። ሕፃናቱ ስድስት ወር ሲሞላቸው ይህን ካገኙት እናቶች ድብርት የነበረባቸው ከመቶ 23ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን ከመቶ 53ቱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ መመሪያ አድርጎ አሳትሞታል። ሥራው የተሠራው አማቶች በሚከበሩበት፣ ጎረቤት በሚገባበት፣ እንደ እኛ ባለ ሙስሊም ማኅበረሰብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ እንላለን።

1. ጠያቂ ስንሆን፦ መጀመሪያ እናቲቱን እንጠይቅ፣ ከዚያ ሕፃኑን። «ሌሊቱን ተኝተሻል?» ከሚለው ይጀመራል። «ምን ያስለቅስሻል? ስንቱ መሐን አለ እኮ» አንበል። ልጅ ላጣች እህት «የጀነት ወፍ ሆኗል» ብለን ቶሎ አንነሣ፤ አብረናት እንቀመጥ። ተቀምጠን ቡና ከምናስፈላት ልብስ እንጠብላት፣ ሕፃኑን ሁለት ሰዓት ይዘን እናስተኛት።

2. ቀኑን እንምረጥ፦ ሰው የሚበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዐቂቃው በኋላ ቤቱ ጭር ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከባዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። እኛ አራታችን አዲስ አራስ ስትኖር በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት እንመለሳለን። የሰማነው ከዚያ ቤት አይወጣም። ሐሜት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህች ቡና እስከ ዛሬ አትቀጥልም ነበር።

3. ባሎች፦ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስለ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ውስጥ ሁኔታ ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን በማገልገል ሥራ ላይ እንደሚሆኑ ተናግረዋል። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከሒራእ ዋሻ ደንግጠው ሲመለሱ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሸፍነዋቸው፣ አጽናንተዋቸው፣ ከዚያም ወደሚያውቅ ሰው ወደ ወረቃ ወስደዋቸዋል። ይህ ለባልም ለሚስትም መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ማቀፍ፣ ከዚያ ማዳመጥ፣ ከዚያ ወደ ባለሙያ አብሮ መሄድ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞች የአባትነት ፈቃድ አላችሁ። በግል ድርጅት ላላችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሦስት ቀን ሰጥቷል። ጥቂት ነው፤ ግን ውሰዱት፣ ቤት ውስጥም አሳልፉት። ርቃችሁ የምትሠሩ ደግሞ ኔትወርክ ስታገኙ ከ«ልጁ ደህና ነው?» በፊት «አንቺ ደህና ነሽ?» በሉ።

4. ጤና ጣቢያ፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእናቶች ክትትል ነጻ ነው። የሕፃኑ ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት አለ። ሦስቱም ቀናት ሐዘኑ በሚከብድበት ጊዜ ላይ ይውላሉ። ካርዱን ይዘሽ ስትሄጂ ስለ ራስሽም ተናገሪ፤ «ሁለት ሳምንት አልፎኛል፣ ደስታ የለኝም፣ እንቅልፍ የለኝም» በይ። በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያን እናቶች የተፈተሸ አሥር ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፤ ምልክቱን ለመለየት ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። ከእኛ አንዷ በሄደችበት ጤና ተቋም መጀመሪያ ያገኘቻት ባለሙያ «ሁሉም እናት ይደክማታል» ብላ ሸኝታት ነበር። ሌላ ቀን ተመልሳ ሌላ ባለሙያ ጠየቀች፣ ተደመጠችም። አንድ ቦታ ካልሰሙሽ ሌላውን አንኳኪ። መድኃኒት ቢያስፈልግ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ አሉ፤ ሐኪሙ ይመርጣል፣ በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽም አታቁሚ።

5. የማይቆይ ጉዳይ፦ እናቲቱ ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ካሰበች፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች፣ ለቀናት ሳትተኛ ከተቅበዘበዘችና ንግግሯ ከተለወጠ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። ብቻዋን አትተዋት፣ ሕፃኑንም አብሯት ብቻውን አትተዉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። አይፈረድባትም፤ ታማለች፣ በሕክምናም ትድናለች።

6. ኡስታዞቻችን፦ ዲናችን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ስንት ነገር አቅልሏል! በኒፋስ ጊዜ ሶላትና ጾም የለባትም፤ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢም ረመዷንን እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ቁርኣን የእናትን ድካም በድካም ላይ የተደረበ ብሎ ጠርቶታል፤ አጥቢ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳም አዟል። ይህ ሁሉ በኹጥባ ላይ ቢነገር፣ በኒካሕ ምክር ላይም ቢካተት ስንት ቤት ይተርፋል? ወጣቶች ስታገቡ ስለ መህርና ስለ ድግስ የምታወሩትን ያህል ከወሊድ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ተነጋገሩ።

◆ ለእህታችን

አንቺ ይህን በሌሊት፣ በአንድ እጅሽ ሕፃን በሌላው ስልክ ይዘሽ የምታነቢ እህታችን፤ ለአንቺ ነው የጻፍነው። ኢማንሽ አልጎደለም። መጥፎ እናት አይደለሽም። ልጅሽን ስታቅፊ የጠበቅሽው ስሜት ካልመጣ፣ አልመጣም ብለሽ ለአንድ ሰው ንገሪ። ለእናትሽ ካልቻልሽ ለእህትሽ፣ ለእህትሽ ካልቻልሽ ለጎረቤትሽ፣ ለእነሱም ካልቻልሽ ክትባት ለምትሰጠው ነርስ። አንዲት ሰው ትበቃለች።

ከእኛ ከአራታችን ሁለቱ በወሬና በእረፍት ቀልሎልናል። አንዷ ባለሙያ ጋር ለወራት ተመላልሳ ዛሬ ደህና ናት። አራተኛዋ አሁንም በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ግን ወደ ጓሮ አትሮጥም፣ «ማነው?» ትላለች። ሕክምናዋን አልጨረሰችም። ልጇ ግን ስሟን ሲጠራት ትስቃለች።

ያ አላህ! በእርግዝና ላይ ያሉትን በሰላም ገላግላቸው። የአራሶችን ልብ የሙሳን እናት ልብ ባጸናህበት አጽናው። ከቤታቸው የተፈናቀሉትን ወደ ሰላም መልሳቸው። ባሎችን ለቤተሰቦቻቸው አዛኝ አድርጋቸው። ልጅ ያጡትን በተሻለ ካሳቸው። አሚን!

ይህን ጽሑፍ ለወለደች እህታችሁ ከመላካችሁ በፊት አንዴ ደውሉላት። መጀመሪያ ስለ እሷ ጠይቁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ስትላችሁም ስልኩን አትዝጉ፣ ትንሽ ጠብቁ።

ወላሁ አዕለም።